«ዎንት» እና ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከቀኑ 9 ሰ.

ሁለተኛውም ክፍል አለቀ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ለዩኒቨርሲቲው 3ኛ ዓመቶች የእንግሊዝኛ ቃላት ታሪክ ነው የማስተምረው፤ የሳምንቱ ቃል «ዎንት»። ሳቁብኝ። ፈለገ ማለት ነዋ፣ ምኑ ይጠናል? ቆዩ አልኳቸው። ድሮ እንግሊዝ አገር ከሰሜን በመርከብ ከመጡ ሰዎች ሲወሰድ ትርጉሙ «ጎደለ» ነበር። ወጡ ጨው ጎደለው እንደማለት። መፈለግ የሆነው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። ከግራና ገጠር የመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ እኛስ ማሽላው ውኃ ይፈልጋል እንል የለ፣ ማሽላ ምን ልብ አለውና? ጎበዝ ነው።

ማሽላ ሲል ዳዊት ትዝ አለኝ። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማሽላ የሚያዳቅለው ዳዊት፣ ላገባው የነበረው ሰውዬ። ማስታወሻዬ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ናፍቆኛል። ጥቅምት ላይ መርሳ ከተማ አባባ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አባባም ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለኝ፤ እምቢ ብሎ መልሷቸው መሆን አለበት። እኔም አልደወልኩም። እሱ ከኮራ እኔ ምን አንሶኝ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ረፋድ

ዛሬ «ዎንትድ»። ከፊልም ያውቁታል፤ ፖሊስ የሚያሳድደው ወንበዴ። ቃሉ ስም ሲሆን ድህነት ማለትም እንደሆነ ነገርኳቸው፤ በ«ዎንት» መኖር፣ በችግር መኖር። የጎደለንን ሁሉ ግን አንፈልግም አለች አንዷ። እውነቷን ነው። እኔ ስንት ነገር ጎድሎኛል፤ የምፈልገው አንድ ሰው ነው።

ከሰዓት። ባጃጅ ስጠብቅ የዳዊትን የሥራ ባልደረባ አገኘኋት። አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቆ ተፈቀደለት አለችኝ። እንኳን ደስ ያለው አልኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ መርሳ፤ ከምሽቱ 1 ሰ.

አባባ መለዋወጫ ሱቁን ዘግቶ ገባ። እራት ሳይቀርብ እሱው ጀመረው። የዚያ ልጅ ሽማግሌዎች የት ቀሩ አለኝ። ደነገጥኩ። እምቢ ብለህ መለስካቸው አይደል እንዴ አልኩት። ማን አለ አለኝ። እንመካከርበት ነው ያልኳቸው አለ። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም፤ ሽማግሌ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ይመለሳል። የዳዊት ሽማግሌዎች ግን ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ናቸው። እንደ እሱ ሁሉም የአዲስ አበባ ልጆች። እምቢ የተባሉ መስሏቸው ቀጠሮ ሳይጠይቁ፣ ጠላውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ።

«ልጁን ቶሎ ሰጠ እንዳይሉኝ እንጂ፣ እኔማ ወድጄዋለሁ» አለኝ አባባ። እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። በግ ታስሯል። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ሊታረድ የተገዛ። ሰኞ ጾም ይገባል፤ ነገና ከነገ ወዲያ ካልመጡ በጉም ተረፈ አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አባባን እንዴት እንደምወደው።

ሴት ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር አትደውልም። ለዳዊት ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው። አባባ እምቢ አላለህም፣ ሽማግሌዎቹን ነገ መልሰህ ላካቸው፣ እየጠበቀ ነው አልኩት።

«ዕቃዬን አይሱዙ ላይ ጭኜዋለሁ» አለኝ።

«አውርደው» አልኩት።