ያስቀመጥኸው ረጅም ሌንስ

ውዴ ይበልጣል፣

ከተለየኸኝ እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደኅና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ብትኖር ከሁሉ በፊት የምትጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው።

ቤታችን ትንሽ ተለዋውጧል። የቀርከሃውን መለያ ግድግዳ አስነሥቼ ከፊት ያለውን ክፍል ፎቶ ቤት አድርጌዋለሁ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ለጉርድ ፎቶ ይበቃል፤ ከተማችን ቆሰበርን ጉም ሲውጣት ብቻ መብራት አበራለሁ። የማትወደውን አረንጓዴ መጋረጃ አልቀየርሁትም፣ አትቆጣ። አባትህ ገበያ በወጡ ቁጥር ጎራ ይላሉ፤ በአውንግኛ ሰላምታ ሰጥተውኝ መልሱን ቆመው ይጠብቃሉ። የዳንግላ ልጅ ምላሷ አይፈታም እያልህ ትስቅብኝ አልነበር? ተፈትቷል።

ካሜራዋ ዛሬም በእጄ ናት። ሠርግና ክርስትና እያነሳሁ እንድሠራባት ብለህ ከባሕር ዳር ይዘሃት የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? በሚኒባስ ሙሉ መንገድ እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልለህ ታቅፈሃት መጣህ። ስትፈታት ፊቷ ላይ ያለው ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነበር። በጥሩ ዋጋ አገኘሁ ያልኸው ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ለካ ሌንሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው! የሒሳብ መምህሩ ባሌ ካሜራ ገዝቶ ዓይኗን ረስቶ መጣ። እኔ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ አንተም እያፈርህ ሳቅህ። ሁለት ወር ያህል ቁም ሳጥኑ ላይ ስትቀመጥ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዳይታዘበን በጨርቅ እንሸፍናት ነበር።

በእነዚያ ሁለት ወራት ስለ ሌንስ ያላነበብኸው ነገር የለም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኔትወርክ ባለበት ጥግ ቆመህ ስልክህን ታነባለህ፣ ምሳ ላይ ደግሞ እኔን ታስተምረኛለህ። የሌንሱ አፍ ከካሜራዋ አፍ ጋር መግጠም አለበት። ያገለገለ ከሆነ ወደ ብርሃን ይዘሽ ውስጡን እዪ፤ ትንሽ ጭረት ብዙም አይጎዳ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካየሽ ግን መልሰሽ ስጪ። የተጻፈበት የብርሃን ቁጥር ባነሰ መጠን ጨለማ ቤት ውስጥ ያሠራሻል። አሁን ይህን ለሌሎች የምናገረው የራሴ ዕውቀት አስመስዬ ነው። ይቅር በለኝ።

የምትመኘውን ግን አውቅ ነበር። ረጅሙን ነው። በጥር የፈረስ በዓል አባትህ ሲጋልቡ፣ የፈረሱ አራት እግር ከመሬት ተነሥቶ ሳለ፣ ከሩቅ ስበህ ለማንሳት። ከልጅነትህ ጀምሮ በሐሳብህ ይዘኸው የኖርኸው ፎቶ ነበር። ስለዚህ ከሁለተኛው የባሕር ዳር ጉዞ ስትመለስ ከኪስህ ያወጣኸው አጭር፣ የማያቀርብ የማያርቅ፣ ሃምሳ ሚሊሜትር ሌንስ ሲሆን ገረመኝ። ርካሹ እሱ ነው፣ ለጊዜው ይበቃናል አልኸኝ። አመንሁህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቅርም ብሎኝ ነበር፤ በዚህች ቁራጭ እንዴት አድርጌ ነው ሠርግ የማነሳው ብዬ።

ይኸውና በዚያች ቁራጭ እንጀራዬን እየበላሁ ነው። በክረምት አዘና ገጠር ውስጥ፣ ብርሃን በበር ብቻ በሚገባበት ቤት፣ የክርስትና ድግስ ሳነሳ የሰው ሁሉ ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል። ሌንሷ ስለማታቀርብ በእግሬ መቅረብ ግድ ሆነብኝ። ሰው ዘንድ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይቀረብም፤ መጀመሪያ ተቀምጬ እጫወታለሁ፣ የቀረበልኝን እቀምሳለሁ፣ እናቶቹም ነጠላቸውን ከፊታቸው ያነሳሉ። አውንግኛውንም ያስተማረኝ ይኸው ነው።

አባትህ አንተ ካለፍህ ወዲህ ፈረስ አልጫኑም ነበር። አምና በጥር ወደ በዓሉ ሜዳም አልወጡ። ዘንድሮ ገና ሊደርስ ሲል መጡና፣ ጉልበታቸው ከእንግዲህ እንደማይሆንላቸው፣ በዚህ በዓል ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚጋልቡ ነገሩኝ። ወዲያው ያንተ ፎቶ ትዝ አለኝ። ይህ ካመለጠኝ ሌላ ዕድል የለም። በማግሥቱ ወደ ባሕር ዳር ተሳፈርሁ።

አንተ የገዛህበት ሌንስ ሻጭ ካሜራዋን ገና ሲያያት አወቃት። ሃምሳዋን ሌንስ ከሰጠሁትና ትንሽ ገንዘብ ከጨመርሁበት ረጅሙን እንደሚለውጠኝ ነገረኝ። ተስማማሁ። ሃምሳዋን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫት ነበር፣ ይበልጣል። ሰውየው ያኔ ነው እየሳቀ ስለ አንተ ያወራኝ። ረጅሙን ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ በእጅህ ነበር አለኝ። ገጥመኸው ከሱቁ በር ወጥተህ፣ ማዶ የቆሙትን ባጃጆች እያነሳህ እንደ ልጅ ፈንድቀህ ነበር አለኝ። ከዚያ ተመልሰህ አስቀመጥኸው። ፈረሱ በዓመት አንዴ ነው፣ የባለቤቴ ሥራ ግን የዕለት ተዕለት ነው፤ የምታነሳበት ቤትም ጨለማ ነው ብለኸዋል።

ለምን አልነገርኸኝም? እስከ ዳንግላ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስሁ። ሃምሳዋን ግን ከጠረጴዛው አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ መልሻት ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ ላባትህ እውነቱን ነገርኋቸው፤ ያለኝ ሌንስ አጭር ነው፣ ከሩቅ ማንሳት አልችልም አልኋቸው። ሜዳው ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። በዱላቸው ሣሩ ላይ ምልክት አደረጉልኝ። እዚህ ቁሚ፤ ፈረሱ ሲመጣ ከሸሸሽ ይደነብራል፣ ካልተነቃነቅሽ ግን እኔ አውቅበታለሁ አሉኝ። በማግሥቱ እዚያው ቆምሁ። ፈረሱ ካንተ የቀረውን ቀይ ግላስ፣ የኮርቻውን ልብስ፣ ለብሶ ወደ እኔ ሲመጣ ምድሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልሸሽ አሰብሁ፤ ግን አልሸሸሁም። ሲያልፉኝ የፈረሱ ኮቴ ያነሳው አፈር ቀሚሴ ላይ ተረጨ።

አሁን ፎቶውን ብታይ ትስቅብኛለህ። የፈረሱ እግር የለበትም። ከመቅረቤ ብዛት አራቱም ተቆርጠው ቀሩ። ያለው የፈረሱ አንገትና ያባትህ ፊት ነው፤ ዓይናቸው እርጥብ ነው፣ አፋቸው ተከፍቷል። እየፎከሩ ነበር። የይበልጣል አባት! ብለው የጮኹባት ቅጽበት ናት።

ፎቶውን መስኮቱ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ፤ አባትህ በመጡ ቁጥር ኮፍያቸውን አውልቀው ያዩታል። ሌንሷንም የዚህ አገር ዝናብ እንዳያሻግታት፣ ከጫማ ካርቶን ከምለቅማቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጣታለሁ። በዚች ዓይን እያየሁ እስከኖርሁ ድረስ አልረሳህም። ስላስቀመጥኸው ረጅም ሌንስ አመሰግንሃለሁ። በእሱ ባነሳ የፈረሱን እግር ከሩቅ አገኝልህ ነበር፤ ስምህን ግን አልሰማም ነበር።

ያንተው እናኑ