ከቱአላ ራስ በላይ

ሰኞ፣ ጁላይ 7
ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጌ... ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ! ሄልሜቴ ላይ «ሲሊያ» ተብሎ ተጽፏል። አራት ሰው በሥሬ ነው። በወረቀት ማለቴ ነው እንጂ፣ ሦስቱ የቱአላ ልጅና የወንድም ልጆች ናቸው። አራተኛው ራሳቸው ቱአላ ናቸው፤ የቤተሰቡ አለቃ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሽቦ የዘረጉ። መብራት የምናስገባለት የጤና ጣቢያው አዲስ ማዋለጃ ክፍል ዓርብ ይፈተሻል። ነርሷ እስካሁን በእጅ ባትሪ ነው የምታዋልደው። ምሳ ጎደሬና የቆርቆሮ ሥጋ አካፈሉኝ። ተመስገን።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8
ምን አደረግኩ?
ስፈትሽ ቱአላ የሠሯቸው ሦስት መብራቶች ላይ ሽቦ ተቀያይሯል፤ ቡናማው በሰማያዊው ቦታ። ማብሪያው ቢጠፋም ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ ይቀራል። አምፖል የሚቀይር ሰው ሊሞት ነው! ደንግጬ ከመሰላሉ ጫፍ ጮህኩ። «ቱአላ! ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው? ሁሉም ይፈታ!»
እሳቸው ከሥሬ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። በደሴታችን ከተቀመጠ ሽማግሌ በላይ መቆም ነውር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ጎንበስ ሳልል አልፌ የማላውቅ ልጅ... ጫማዬ ከአናታቸው በላይ።
ምሳቸውን ገፋ አደረጉ። እጃቸውን ታጥበው ሄዱ። ልጃቸው ቬኒ መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መውጣት ብቻ ነው እንዴ ያስተማሩሽ? መውረድስ?» አለኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9
ማንም አልመጣም።
ስለ ሽቦው ልክ ነኝ። ታዲያ ለምን አፈርኩ? ብቻዬን ለዓርብ አልደርስም። ብደርስስ... ከዚያ ከማን ጋር ልሠራ?

ሐሙስ፣ ጁላይ 10
ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። እንደ ደሴቱ ቤቶች ሁሉ ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ ከሩቅ አይተውኛል። ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው ደጁ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየሁ።
«ግቢ። ጤዛው ላይ ተቀምጠሽ ጉንፋን ቢይዝሽ በእኔ ልታሳብቢ ነው?»
«ቱአላ፣ ከራስዎ በላይ ቆሜ ጮህኩብዎት። ይቅር ይበሉኝ።»
«ሽቦውስ?»
ምን ልበል? ላስደስታቸው?... «ሽቦው ተቀያይሯል። ለእሱ ይቅርታ አልጠይቅም።»
ቬኒን ከኋላ ሳል ያዘው። ሳቅ ይሁን ሳል እንጃ።
ቱአላ «እስቲ አሳዪኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከኪሴ አንድ ቡናማ፣ አንድ ሰማያዊ ቁራጭ ሽቦ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ይዘው አዩ፣ አዩ... «ለእኔ ሁለቱም ጥቁር ናቸው» አሉ። «ከፋሲካ ጀምሮ።»
«አባዬ! ለምን አልነገርከንም?» አለ ቬኒ።
«ነግሬህ፣ ቤት አስቀምጠህ ዓሣ ልታስጠብሰኝ?»
ዋና ከተማው አፒያ የዓይን ሐኪም አለ፣ ሰኞ በመርከብ አብሬዎት እሄዳለሁ አልኩ። «አለቃ ነሽ ወይስ ነርስ?» ብለው ጫማቸውን አስመጡ። ዛሬ ቀለም የሚለየው ቬኒ፣ ገመድ የሚስቡት እሳቸው። ሁለቱን መብራት አስተካከልን።

ዓርብ፣ ጁላይ 11
አለፍን! ነርሷ እንደ ሕፃን ማብሪያውን ታበራለች፣ ታጠፋለች...
ግን የዛሬ ነገር እሱ አይደለም። ጠዋት ፈታሹ ሳይመጣ አንድ መብራት ቀርቶን ነበር። ቱአላ መሰላሉን ያዙ። እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ... እግሬ እምቢ አለኝ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።
«ውጪ እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይዤዋለሁ።»
ወጣሁ። መሰላሉ ንቅንቅ አላለም።