ሆዱ የተዘረገፈው ራዲዮዬ

አንተ የወንድሜ ልጅ፣

ጠዋት ዜና ልሰማ ቁልፉን ባዞረው ራዲዮዬ ጭጭ አለ። ለካ ስፒከሩን አውጥተህ፣ ከልብስ መቆንጠጫዬና ከካርቶን ጋር አስረህ የበር ደወል ሠርተህበታል! ማን ጠየቀህ? ጆሮዋ ደክሟል ብለህ ናቅኸኝ?

ምሳህ ምድጃው ላይ ነው።
ሽቦህን ከወንበሬ ላይ አንሳ፤ ወግቶኛል።

ረፋዱ ላይ ያ ደወልህ እንደ ፍየል ጮኸ። ብከፍት ልብስ ሰፊዋ ጓደኛዬ! "ስንቴ አንኳኩቼ ተመለስኩ፤ የተቀየምሽኝ መስሎኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ረሳችኝ ብዬ ሳማት ከርሜያለሁ።

አሁን እሷ ጋ ሄጃለሁ። ንዴቴ አልበረደም፤ ለራዲዮዬ ሌላ ስፒከር ከየትም ፈልገህ ታመጣለህ።

የበሩን ነቅዬ እመልሳለሁ ብትል ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም።

አክስትህ