የሲስተር ፋናዬ ኪዳነማርያም ዕረፍትና የሕፃናት ቆዳ ግሩፑ መቀጠል

የሮቤና የጎባ ወላጆች የሕፃናት ጤና ማኅበር የመሥራች አባሉን የሲስተር ፋናዬ ኪዳነማርያምን ዕረፍት የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሲስተር ፋናዬ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አርፈዋል፤ በማግስቱም ጎባ ተቀብረዋል። ይህ መግለጫ ለምን እንደዘገየ ከዚህ በታች ተገልጿል።

በ1991 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ተመድበው ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ መጡ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት አገለገሉን።

በ2012 ዓ.ም. ወላጆች የሕፃናትን የቆዳ ሕመም እንዲለዩ የሚያስተምር የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። መጻሕፍቱ ሽፍታን ቀይ እያሉ ሲያስተምሩ፣ እሳቸው በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ጠቆር ብሎ እንደሚታይ፣ ወላጆችን አስፈቅደው በመስኮት ብርሃን ባነሷቸው ፎቶዎች አሳዩ።

በ2014 ዓ.ም. ከልደት ጀምሮ በሕፃን ጀርባ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ምልክት የድብደባ አለመሆኑን አስተማሩ። በዚሁ ምልክት ሰበብ ሕፃን መታችሁ ተብለው ያለ ጥፋታቸው የተባረሩ ሁለት ሞግዚቶች ተጠርተው ይቅርታ ተጠይቀዋል። በዲንሾ ብርድ በሦስት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን ከሙቀት የተነሣ ሽፍ ሊልበት እንደሚችል ለማሳመን ግን አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶባቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. ግሩፑ ላይ ለሚቀርብ ጥያቄ ራሳቸው መልስ መስጠቱን ትተው፣ ያሠለጠኗቸው እናቶች እንዲመልሱ አደረጉ። ቅሬታ በዛ፤ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤትም «ሥራ ቀንሰዋል» የሚል ደብዳቤ ጻፈላቸው። ደብዳቤው ስሕተት እንደነበር ማኅበሩ በይፋ ያምናል።

በቀብራቸው ዕለት ግሩፑ በሻማ ፎቶና በ«ነፍስ ይማር» ተሞልቶ ነበር። የዲንሾው ነዋሪ አቶ ሳላሀዲን ቀመር ትኩሳት በያዛት የሰባት ወር ልጃቸው እግር ላይ ነጠብጣብ ያዩት ጠዋት ነው። በሐዘን መካከል የልጅ ሽፍታ መላክ ነውር መስሏቸው እስከ ስምንት ሰዓት ታገሡ። ፎቶው በተላከ በስድስተኛው ደቂቃ ከሠለጠኑት እናቶች አንዷ፣ የሮቤዋ የጨርቅ ነጋዴ ወይዘሮ ፈርዶሳ ኡመር መለሱ፦ «ንጹሕ ብርጭቆ ነጠብጣቡ ላይ ተጭነው ይዩ። ካልጠፋ ሌላ ፎቶ አይላኩ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ።»

ነጠብጣቡ አልጠፋም። ሕፃኗ ሆስፒታል እንደደረሰች የደም መመረዝ ሕክምና ተጀመረላት። ማኅበሩ መግለጫውን ያዘገየው የእሷን ነገር እየጠበቀ ነው። ትናንት ድና፣ ጡት እየጠባች ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሐዘናችን እንዳለ ሆኖ እፎይ ብለናል፤ ሲስተር ፋናዬ ሥራውን ለሰው አስረክበው ነው የሄዱት።

ለባለቤታቸው ለአቶ ገብረ ሚካኤል፣ ለልጃቸው ለዳግማዊና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ፈጣሪ ሐዘኑን ያቅልልላቸው። ለአባላት አንድ አደራ አለን፦ ግሩፑ ክፍት ነው። ሐዘን ላይ ናቸው ብላችሁ የልጅ ፎቶ አታቆዩ።