በስምህ ያልኩት እሺ

የካቲት 9። ትናንት አባትህ ቤት ተቀምጬ ነበር።

ወዳጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጅቷ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም እዚያው አሮጌ ወንበር ላይ ትታጠፋለህ? እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ "ያ ቀጭኑ ጓደኛህ የት ገባ?" ትለኛለች። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። የመጀመሪያውን መስመር ደግመህ እንዳነበብከው አውቃለሁ። እኔም ጽፌው ደግሜ አንብቤዋለሁ።

አባትህ መሆኑን ሳላውቅ ነው የሄድኩት። ይህን አስቀድመህ እመነኝ፤ ሌላውን እንደፈለግህ። ትናንት ደውሎ ሃሎ ስትል የዘጋብህም እኔ ነኝ። የማውቀው ኢሜይልህ በከፈትከው የውይይት መድረክ ያለው ነው፤ እሱን የማነበው ደግሞ ራሴ ነኝ። ስለዚህ ይኸው በወረቀት፣ በሾፌር እጅ።

እዚህ ሳለህ ስለጀመርከው ሶፍትዌር፣ ወደዚያ ከተማ ከሄድክ ወዲህ ብዙ አልጻፍኩልህም፤ አንተም አልጠየቅክ። አለ፤ አልሞተም። አምስት ሰዎች ነን፣ አምስታችንም የምንኖርበት ሌላ ሥራ አለን። ከሥራ መልስ እንጠግናለን፣ በነፃ እንለቃለን፤ የፈለገ አውርዶ የራሱን የውይይት መድረክ ይከፍትበታል። ንድፍ የምትሠራልን ሴትዮ አንተ ከሄድክ በኋላ የገባች ናት፤ ምላሷ እሳት ነው። "እኛ እኮ ዕቃ ዘርግተን በነፃ ውሰዱ ስንል፣ ለምን ቤታችን ድረስ አታመጡልንም የምንባል ሰዎች ነን" ትላለች። ባለፈው አንድ የመኪና ደላላ ፎቶ መጫኛው ተበላሸብኝ ብሎ "ሌቦች" ሲለን፣ "ምን ሰርቀን? በነፃ የሰጠነውን?" አለች። እኛ ሳቅን። ደላላው ግን የሚስቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ ይሠራልሃል ተብሎ ቀን ተቆርጦለት ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

ቀን የቆረጠለት መርፌ ነው።

መርፌ በጥያቄ ክፍላችን ለሰው የሚመልስ በጎ ፈቃደኛ ነው። ስሙን ራሱ መርጦ ነው የተመዘገበበት። ኮድ አይጽፍም። ግን ጠይቆ መልስ ሳያገኝ የሚያድር ሰው የለም። "አይዞህ፣ መጀመሪያ ይህን ንካ፣ ከዚያ ያንን" እያለ ያስረዳል፤ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለው፤ ሰውን ያለ ቀጠሮ አይሸኝም። የሌለ ነገር የሚጠይቅ ሲመጣ እኛ "እናስብበታለን" ብለን ዝም እንላለን። እሱ "ማክሰኞ ይደርስልሃል" ይላል። ከማን ጋር ተማክሮ? ከማንም። ንድፍ ሠሪዋ "አቶ ማክሰኞ" ነው የምትለው።

እኔ ደግሞ ጭቅጭቅ እንደማልወድ ታውቃለህ። እሁዴን ሰውቼ እሠራዋለሁ። መርፌ ለሰው በገባው ቃል ላይ "እሺ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ሲያልቅም "ተሠርቷል፣ ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ" እለዋለሁ። እሱም "ጎበዝ! እጅህ ይባረክ" ይለኛል። በዚህ ሥራ እጅህ ይባረክ የሚለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ግን አልቻልኩም። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች የሚሰባሰቡበትን መድረክ የምታስተዳድር አንዲት ነርስ፣ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ነገር እንድንጨምር ጠየቀች። መርፌ "በሁለት ሳምንት" አላት። የወራት ሥራ ነው። እሷም አምና ለአባሎቿ ሁሉ ተናገረች። ቀኑ ሲያልፍ የጻፈችልን ስድብ አልነበረም፤ ስድብ ቢሆን በተሻለን። "በየቀኑ ደረሰ ወይ ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?" ነው ያለችን። በዚህ ተሰብስበን ድምፅ ሰጠን፤ መርፌ ከፊታችን ቅዳሜ ከክፍሉ ይነሣ ተባለ። እኔም እጄን አንሥቻለሁ።

"ይህን ያህል ያገለገለ ሰው በአንድ መልእክት አይሸኝም፤ እዚሁ ከተማ ነው ያለው፣ አንዳችን ሄደን እናስረዳው" ያልኩትም እኔው ነኝ። ይህን የተናገረ ሰው ደግሞ ራሱ ይሄዳል። ደወልኩለት። ከመድረኩ ነኝ ስለው "ና! ዛሬውኑ ና!" አለኝ፤ አድራሻውን ደጋግሞ አስያዘኝ።

የልብስ ስፌት ሱቅ ነው፤ ከጀርባው መኖሪያ ክፍል አለ። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ በጨርቅ ተሸፍኗል። ኮምፒውተሩ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ፊደሎቹ መሀል የክር ብጣሽ ገብቶበታል። የከፈተልኝ ሽማግሌ ግንባርህን ይዞ ነበር። ስታስብ በአንድ በኩል የሚሸበሸበውን፣ ያንኑ። ዘመድ ይሆን እንዴ ብዬ ሳልጨርስ፣ "እሱ ነው የላከህ?" አለኝ። ማን አልኩት። "ልጄ ነዋ!" አለና ስምህን ጠራ።

ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ እንጂ እኔ ራሴ አልተቀመጥኩም።

ስለሱ የነገርከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሥራውን አልረከብም፣ የራሴን ሶፍትዌር እሠራለሁ ስትለው፣ "በነፃ የሚሠራ ሰው ሥራ ፈት ነው" አለህ፤ ወጣህ፤ በቃ፣ አልተነጋገራችሁም። ልብስ ሰፊ መሆኑን እንኳ አልነገርከኝም። ገና ተቀምጬ አንድ ፀጉር አስተካካይ አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣ "መርፌ! ዛሬም ከልጅህ ጋር ስታወራ ሱሪዬን ረሳኸው?" አለው። "ነገ ጠዋት!" አለ አባትህ ዞር ሳይል። "የትኛው ነገ?" አለ ሰውዬው እየሳቀ፣ ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ መርፌ ነው የሚለው። እኔ ከየት አውቃለሁ? አንተ ብትሆን ገና ስሙን ስታይ ታውቀው ነበር። እሱም የሚለው ይህንኑ ነው። "የገባሁ ለት ዐውቆኛል" አለኝ። "ግን አንነጋገርበትም። እሱም ያላወቀኝ ይመስላል፣ እኔም ያላወቅኩት እመስላለሁ። እንዲህ ይሻለናል።"

ገባህ? ስትሄድ አካውንትህን ለኔ ትተህልኝ ሄድክ። አዲስ ዕትም መልቀቅ፣ ሰው መሾምና መሻር የሚቻለው በመሥራቹ ስም ብቻ ነው። "ሰሞኑን አስተካክለዋለሁ" አልክ፤ እኔም ሰሞኑን አልኩ፤ ሰሞኑ ይኸው አራት ዓመት ሆነው። አምስታችንም እናውቃለን። ለኛ የቁልፍ ጉዳይ ነው፤ የያዘው ይከፍታል። ውሸት ነው ያለ ሰው የለም። እሺ ያልኩት ሁሉ በስምህ ነው። ይቅርታውም፣ ምስጋናውም።

አባትህ በቃሉ ይዞታል። ባለፈው ክረምት ሳንባውን አሞት ጥቂት ቀን እንደሚጠፋ ሲጽፍ፣ "ይማርዎት፣ ጤናዎ ይቅደም፣ እኛ እንሸፍናለን" ብዬው ነበር። ለማንም የምጽፈው ነው። ቃል በቃል አለልኝ። "ቤት ሳለ አንተ ነበር የሚለኝ" አለ። "አንቱ ሲለኝ መጀመሪያ ከፋኝ፤ ባዳ አደረገኝ አልኩ። ኋላ ሳስበው አድጎ ነው።" ከዚያ ሳቀ። "በነፃ ትሠራለህ ብዬ የሰደብኩት እኔ፣ ይኸው ያለ ደመወዝ ቀጠረኝ!"

ቀኑን ለምን ከራሱ እንደሚቆርጥ ጠየቅኩት። ገረመው። "ደንበኛ ቀን ሳይነገረው ይወጣል እንዴ? ሌላ ሰፊ ጋ ይሄዳላ! ደግሞ እኔ ቀን ሰጥቼ ልጄ አሳፍሮኝ አያውቅም። እዚህ ሳለ አንድ እጅጌ ስፋልኝ ስለው እሺ ያላለኝ ልጅ፣ እዚያ ማክሰኞ ካልኩ ማክሰኞ ነው።" የነርሷን ነገር አነሣሁ። ፊቱ ተለወጠ። "እሱን እኔም ሳስብበት ነበር። ዘግይቶ አያውቅም። ታሞ ነው አይደል? ይህን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?"

አልታመመም አልኩት። እውነት ይመስለኛል። ነው?

አሁን ያደነዘዘኝን ልንገርህ። ሰው ሲነሣ ማን እንዳነሣው ለተነሺው የሚያሳየውን ነገር ታስታውሳለህ? ተጠቃሚዎች "ማን እንዳባረረን ማወቅ መብታችን ነው" ብለው ሲጮኹ አንተ ነህ የሠራኸው፤ ከመሄድህ በፊት የመጨረሻ ሥራህ ነበር። ማንም እንዳይደብቀው አድርገህ ነው የሠራኸው። ቅዳሜ ቁልፉን ስጫን አባትህ ስክሪን ላይ የሚወጣው "ከአገልግሎት ተነሥተዋል" የሚለው ብቻ አይደለም። ከሥሩ ስምህ አለ። በራሴ ስም ላድርገው ብል ሥልጣኑ ያንተ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ለንድፍ ሠሪዋ ነገርኳት። ያቺ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም። "ነርሷስ?" አለችኝ። ነርሷም እኮ እውነቷን ነው። መርፌ እዚያ ከቆየ ነገ ለሌላዋም ቀን ይቆርጥላታል።

የይለፍ ቃሉን አልቀየርኩትም፤ ያው የድሮው ነው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ አልገባበትም። ለቅዳሜውም፣ ለሌላውም። ያሉኝን ይበሉኝ።

ጤና ከቤትህ አይራቅ። ልጅቷን ሳምልኝ፤ ለአባቷ የምትመልስ ያድርጋት። አንተንም ያሰብከው ላይ ያድርስህ።

እንዴት እንደተለያየን ግን አልነገርኩህም። "ተነሥ እስቲ" አለኝ። ተነሣሁ። ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ትከሻዬን ለካ፣ ክንዴን ለካ፣ አዙሮ ጀርባዬን ለካ። እጁ ቀላል ነው። "ቁመታችሁ እኩል ነው?" አለኝ። እኩል ነው አልኩት። "ወፍሯል?" ካየሁህ ስንት ጊዜዬ ነው። ትንሽ አልኩት። "እንግዲያው ወገቡን ለቀቅ አደርገዋለሁ። ኮት ነው። ላንተ ልክ ከመጣ ለሱም ይመጣል" አለና ጨርቁን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። እስከዚያ ድረስ የመጣሁበትን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። "ግራጫ ይሻለዋል ጥቁር?" እያለ ነበር ከውስጥ። መንገዱን ስሻገርም ይጠይቀኛል።

ወዳጅህ