የጎደለው የሳንቲም መምቻ

አስካለዬ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ ሰብለ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የባልሽ ነው። ማሳመር የለም፣ እንደተናገርኩ ጻፊ ብያታለሁ። ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትሽን አደረግን። ሰዉ ከአዳራሹ ተርፎ ደረጃው ላይ ቆሞ በላ። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። የሠራችው ይህችው ጸሐፊሽ ናት፤ እሱም ይጻፍ።

ሰፈራችን ማርልቦሮ እንዳለ ነው። የቤዝመንቱ ተከራዮች ወጥተው ሌሎች ገብተዋል፤ ጨዋ ናቸው፣ ሳልነግራቸው በረዶውን ይጠርጋሉ። የሰንሪጅ ገበያ ማዕከል የሥራ ጓደኞችሽ ከሺፍት ሲወጡ ብቅ ይላሉ። ያንቺ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያ ብረት ጠፍቶብኝ ነበር፤ ያ ቅጠል ያለበት፣ አንቺ ከማርያም ሥዕል ሥር ያስቀመጥሽው።

ደብዳቤው በጽዋ ማኅበርሽ ፊት ስለሚነበብ፣ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሳንቲም መምቻ አውራ ጣት የሚያህል ድፍን ብረት ነው። ጫፉ ላይ የሳንቲሙ ሥዕል ተገልብጦ፣ ጠልቆ ተቀርጿል። በዚያ ሲመታ ነው ሳንቲም ሳንቲም የሚሆነው። ሲያረጅ ጡረታ ያወጡታል፤ ሌባ እንዳይሠራበትም ፊቱን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ቆርጠው ይሰርዙታል። እኔ የምሰበስበው እንዲህ የተሰረዙትን ነው። ጽሕፈቱ ወደኋላ ነው። ለእኔ ፊደል ወደ ቀኝ ዞረ ወደ ግራ ያው ነው፤ ሰብለ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መስታወት ፊት ይዛው ትቆማለች። አትሳቂ፣ ጻፊ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ አላፍርበትም። ዘመዶችሽ ለቀጥቃጭ ልጅ አንድርም ሲሉ፣ “የምታርሱበትን ማረሻ ማን ሠራላችሁና ነው?” ብለሻቸው ተከትለሽኝ ወጣሽ። እኔም እዚህ አገር በብየዳ ነው ያረጀሁት። ብረት ሲደክም አውቃለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ኪስ ሲመታ ኖሮ ፊቱን ተሰርዞ የተጣለ ብረት ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። አንቺ ደግሞ፣ “ሰው ገንዘብ ይሰበስባል፤ አንተ የገንዘብን እናት ሰብስበህ ልጆቿ የት እንደገቡ አታውቅም!” እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር።

ባለቅጠሉ የመጀመሪያዬ ነው። ከቅዳሜ ገበያ፣ ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ገዝቼ ሳሳይሽ ሁለቱ ቁርጦች መሐል ላይ ሲገናኙ አየሽና፣ መስቀል ነው ብለሽ ሳምሽው። “አንቺ ሴትዮ፣ ስርዝ ነው እንጂ መስቀል አይደለም” አልኩሽ። “የአዳምን የዕዳ ደብዳቤስ የሰረዘው ምን ሆነና?” አልሽኝ። ብረቴ በዚያው ከመደርደሪያዬ ወጥቶ ማርያም ሥር ገባ፤ ጠዋት ጠዋት ትስሚዋለሽ። እኔም ቦታውን ክፍት ተውኩለት።

ከቀብርሽ ስንመለስ የለም። አልጋ ገለበጥኩ፣ ምንጣፍ አነሳሁ፣ የለም። ልጃችን ግርማ ኦኮቶክስ ከተማ እሱ ቤት እንድገባ ሲለምነኝ፣ “ያንን ብረታ ብረት ግን ምን እናደርገዋለን?” ብሎ ነበርና፣ አንተ ነህ የጣልከው አልኩት። “አባዬ፣ አልነካሁም” አለ፤ አልደገመውም። ግትርነቱን ከማን እንዳመጣው አንቺ ታውቂያለሽ። ብረቱ ሳይገኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ሳንደዋወል ከረምን።

እሑድ ዕለት የማኅበርሽ እትዬ ውባለም አጠገቤ ተቀምጠው ሲበሉ ስለዚሁ ብረት አጉረመረምኩ። ጉርሻቸውን እንደያዙ ዘወር አሉና፣ “ጋሼ ታደሰ፣ የአስካለን የብረት መስቀል ነው የሚሉት? ስንገንዛት እጇ ላይ አስያዝናት እኮ! ስትስመው እያየን ኖረን፣ ያለ መስቀሏ ልንሸኛት ኖሯል?” አሉኝ።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። የቀሩት ሁሉ ተደምረው ያንን አንዱን አያክሉም። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ። የማኅበሩ ሴቶች ያለቀስኩ መስሏቸው በየአቅጣጫው ሶፍት አቀበሉኝ፤ “አይዞዎት፣ ያጽናዎት” ይሉኛል። አንድ ቀን ያንን መሬት ቆፍሮ ያገኘሽ ሰው፣ ይቺ ሴት የመንግሥት ሳንቲም መቺ ነበረች ማለቱ አይቀርም!

ግርማ ወንበር እየሰበሰበ ነበር። ይቅርታ የሚባለው ቃል ከእኔ አፍ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ። የእትዬ ውባለምን ነገር ነገርኩትና፣ “ቤትህ ለብረቶቼ መደርደሪያ መሥራት ትችላለህ ወይ?” አልኩት። አየኝ፣ አየኝና፣ “ምን ያህል የሚሸከም?” አለኝ። በቃ፣ ታረቅን።

በረዶው ሲቀልጥ ኦኮቶክስ እገባለሁ። ይህን ቤት ሰብለ ትይዘዋለች፤ ወንበርሽም እዚሁ ይቆያል። መደርደሪያው ተሠርቷል፤ ትናንት ሄጄ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት፣ አልጮኸም። የልጅሽ እጅ ደህና ነው፤ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። አንድ ቦታ ክፍት እንዲተው አዝዤዋለሁ። የጎደለው የት ሄደ ለሚለኝ፣ ባለቤቱ ዘንድ ነው እላለሁ። ጠዋት ብረቶቼን በጣቴ ስቆጥር እዚያ ክፍቱ ላይ ስደርስ ስምሽን እጠራለሁ፤ አንድም ቀን አልዘለውም። እኔ ደከምኩ እንጂ ገና አልተሰረዝኩም። ቀኔ ሲደርስ ያንን ብረት ይዘሽ ውጪና ተቀበዪኝ፤ በእሱ አውቅሻለሁ።

በይ ሰብለ፣ ዓይንሽን ጥረጊና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። የወጡን ጨው ዘለሽው እንደሆነ አውቅብሻለሁ።