ሰማንያው ቀን ሳይሞላ

ይድረስ ለአጎቴ ለቄስ ደረበ፣ ጎንደር። ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሸሕዲ ላይ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነን። ሰሊጡን እንዳይረግፍብን ቀድመን አጨድነው።

ባለቤቴ ጸዳለ ሴት ልጅ ከተገላገለች አምስት ቀኗ ነው። ጉድ እኮ ነው፤ የሕፃኗ ገላ ስስ ላስቲክ የለበሰ ይመስል ያብለጨልጫል፤ የመስኮቱ ብርሃን ሆዷ ላይ ይታያል። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ሽፋን ይሰነጠቃል። ሐኪሙ፣ «እምብዛም የማይገጥም የቆዳ ሕመም ነው፤ ቫዝሊን ቀቡ፣ እንዳትልጡት» አለን። ከሥሩ ሌላ ቆዳ ይኖር ይሆን እያልሁ ሳያት እውላለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ክርስትና ትነሳለች? ለማወቅ ያህል ነው። በስልክ ያልጠየቅሁዎ ጸዳለ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

የእመቤቴ ጥበቃ አይለይዎ። መልሱን ይህን ደብዳቤ ላመጣልዎ ሹፌር ይስጡልኝ፤ ነገ ማለዳ ይመለሳል።

የእህትዎ ልጅ ባየልኝ